የሻምበል ጎበዜ መርዶ

ይህን ነገር ከእኔ አፍ የሰማ ሰው የለም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ጾም በገባ ቁጥር ሄጄ እንበረከካለሁ፤ ያማሁትን እናገራለሁ፣ የተሳደብኩትን እናገራለሁ፣ ጾም የገደፍኩበትን ቀን ሳይቀር እናገራለሁ። «ሌላስ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባ» ብዬ ይህቺን አንዷን ከምላሴ ሥር እንደያዝኳት እመለሳለሁ። እናንተ አታውቁኝም፣ እኔም አላውቃችሁም፤ ስግደትም አታዙብኝም። ስለዚህ ለእናንተ ልናገር።

ሰው ገድያለሁ። ፖሊስ የሚፈልገኝ ዓይነት ግድያ አይደለም፤ የገደልኩት ሰው መታወቂያ የለውም፣ ቀበሌም አያውቀውም። ልጄ ቢኒያም ከቤት መውጣት ሲፈልግ የሚሆነው ሰው ነበር። ስሙ ሻምበል ጎበዜ ነው።

ዘነበች እባላለሁ። ኮልፌ፣ ከ18 ማዞሪያ ገባ ብሎ ባለው ሰፈር የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ ሁለት ልጆች ያሳደግሁ ሴት ነኝ። ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ቢኒያም ዘጠኝ ዓመቱ ላይ እያለ በጅማ መንገድ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ሰፈሩ ግን የሚያውቀኝ በስፌቴ አይደለም፣ በመርዶ ነው። የሰው ዘመድ ሞቶ ቤተሰቡን ማርዳት ሲያስፈልግ እኔ እጠራለሁ። እንባዬ ቅርብ አይደለም፣ ድምፄ አይንቀጠቀጥም፣ ቃል አላምታታም። መርዶ ደግሞ ሥርዓት አለው። ጎህ ሲቀድ፣ ሰውየው ለሥራ ሳይወጣ፣ ነጠላ ዘቅዝቀን ሁለት ሦስት ሆነን እንገባለን። አስቀምጠን፣ ትከሻውን ይዘን፣ ስለ ሰው ልጅ ዕድሜ ጥቂት ብለን፣ ከዚያ የሟቹን ስም እንጠራለን። እኔ ያረዳሁት ሰው «እውነት ነው ወይ?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። በዚህ እኮራ ነበር። ይኮራበታል እንዴ?

ቢኒያም ስድስት ዓመቱ ላይ ሐኪም ቤት ወስጄው ኦቲዝም እንዳለበት ነግረውኛል። ቀስ ብለው፣ ወረቀት ላይ እየሣሉ ነው ያስረዱኝ። ድምፅ ለእሱ እንደ እኛ አይደለም፣ የሰማው ሁሉ ይጎላበታል፣ የሰው ፊት ማንበብ ይከብደዋል፣ ድንገተኛ ነገር ያስጨንቀዋል አሉኝ። እሺ፣ እሺ ብዬ ወጣሁ። ሰፈር ሲጠይቀኝ «ዘግይቶ የሚበስል ልጅ ነው» አልኩ። አሁን ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። ሲናገር በቀስታ ነው፣ የተባለውን እንደተባለ ይወስዳል፣ ያየውን አይረሳም፣ ውሸት አይችልም። ሌላ ሰው ሲዋሸውም አያውቅም። ይህን ያዙልኝ።

ሻምበሉ የመጣው ልጄ አሥራ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ከዚያ በፊት ዋናው መንገድ ድረስ ልወስደው ብል መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ጆሮውን ይዞ ይጮህ ነበር። አንድ ጠዋት የአባቱን ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት ከሳጥን አወጣና ለበሰው። ትከሻውን ቀጥ አደረገ። «ሻምበል ጎበዜ ነኝ» አለ። ስሙን ከየት እንዳመጣው እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ጠይቄውም አላውቅም። በሩን ከፍቶ ወጣ። እኔ በባዶ እግሬ ተከተልኩት። ፌርማታው ድረስ ሄዶ፣ ቆሞ፣ መኪናውን ሁሉ አይቶ፣ በራሱ እግር ተመለሰ። ጆሮውን አልያዘም።

ከዚያ ወዲያ ሻምበሉ ሥራ ያዘ ማለት ይቻላል። የሰፋሁትን ዩኒፎርም አየር ጤና ላለች ደንበኛዬ ያደርስልኝ ነበር። «ሴትዮ፣ ዕቃው ዝግጁ ነው?» ይለኛል። ቢኒያም እማዬ ነው የሚለኝ፤ ሴትዮ የሚለኝ ሻምበሉ ነው። «ዝግጁ ነው ጌታዬ» እላለሁ፣ ሳቄን ይዤ። የታክሲ ረዳቶቹ ለምደውታል። «ሻምበል፣ ጋቢና ይግቡ!» ይሉታል። ገሚሶቹ እያሾፉ ነው፤ እሱ ሹፈት አያውቅም፣ ሰላምታቸውን በእጁ ተቀብሎ ይገባል። አድርሶ ይመለሳል፣ ካፖርቱን ሚስማር ላይ ይሰቅላል፣ «እማዬ፣ ራበኝ» ይላል። ያኔ ልጄ ተመለሰ ማለት ነው።

ሻምበሉ ብቻም አልነበረም። ዘመድ መጥቶ ቤቱ በሰው ሲሞላ እንግዳ ይሆናል። ከሩቅ አገር የመጣ፣ ማንንም የማያውቅ፣ ጥግ ይዞ በጨዋ ደንብ የሚቀመጥ እንግዳ። እንግዳን ማንም «ና ሳመኝ፣ ምነው ዝም አልክ» አይለውማ። ሰዎቹ ሲሄዱ እንግዳውም ይሄዳል።

እኔ ሁለቱንም አውቃቸው ነበር። ታዲያ ምን አልኳቸው? ሲጠቅመኝ ሻምበል፣ ሲያሳፍረኝ እብድ። ዩኒፎርም ሲያደርስልኝ ጌታዬ፣ ጎረቤት ሲያየው «ወዲያ ግባ፣ አታዋርደኝ»። ለምን ሌላ ሰው መሆን እንዳስፈለገው አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ጠይቄው ቢሆን ኖሮ ይነግረኝ ነበር። አልጠየቅሁም።

እህቱ ሰላም በሦስት ዓመት ታንሰዋለች፤ ነርስ ናት። አንድ ጨዋ ልጅ ወደዳት፣ እሷም ወደደችው፣ ቤተሰቦቹ ሽማግሌ ላኩ። እሑድ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ቢኒያምን ከጓሮ ባለችው ሰርቪስ ክፍል አስገብቼ በሩን ዘግቼ «እንዳትወጣ» ብዬው ነበር። ቢኒያም የተባለውን ይጠብቃል። ሻምበል ጎበዜ ግን ከእኔ ትዕዛዝ አይቀበልም። የማያውቀውን ሰው ድምፅ ሲሰማ ካፖርቱን ለብሶ ወጣና ግቢው መሀል ተገተረ።

«ቁሙ!» አላቸው። ሽማግሌዎቹ ቀድሞውንም ቆመው ነበር፤ ወጉ ነው፣ ጉዳያቸው ሳይሰማ አይቀመጡም። «መታወቂያ!» አለ። አንደኛው ሳቁ፣ የሚቀልድ መስሏቸው። ሻምበሉ አልሳቀም። ሌላኛው ጨንቋቸው ኪሳቸውን ፈትሸው መታወቂያቸውን ሰጡት፣ አገላብጦ አየና «ይለፉ» አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሲወጡ ትልቁ ሽማግሌ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ወይዘሮ ዘነበች፣ ይሄ ነገር በዘር የመጣ ነው ወይስ...» ብለው ሳይጨርሱት ተዉት። «እንግዲህ ተመካክረን እንመለሳለን» አሉ።

ሰላም አለቀሰች። ለሰላም ብዬ ነው ያደረግሁት ብላችሁ ታምኑኝ ነበር፣ አይደል? ግን ሰላም ያለቀሰችው በእኔ ነው። «እማዬ፣ እንደ ዕቃ ደብቀሽው ነው እኮ የደነገጠው። ቀድመሽ ንገሪው፣ ሰዎቹንም ንገሪያቸው ብዬሽ ነበር። የማይቀበሉት ከሆነ ይቅርብኝ» አለችኝ። ሙሽራዋ ራሷ ይቅርብኝ አለች። እኔ ነኝ ያላስቀረሁት። ያ ሽማግሌ በዘር ነው ወይ ብለው ያዩኝ አስተያየት አንጀቴን አቁስሎት ነበር። ከማን ዘር? ከእኔ ዘር? ሰፈሩን ሁሉ በሐዘኑ ቀን አቁሜ የያዝኩት እኔ ዘነበች፣ በገዛ ግቢዬ መሣቂያ ልሁን? ነገሩ ይኸው ነው፤ ኩራቴ ነው የተነካው።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ልዋጭ መጣች። አሮጌ ልብስ እየተቀበለች የቤት ዕቃ የምትሰጥ፣ በየሰፈሩ የምትዞር ሴት ናት። ቢኒያም ገላውን እየታጠበ ነበር። ካፖርቱን ከሚስማሩ አወረድኩና ሰጠኋት። ሰማያዊ አበባ ያለባቸው የሻይ ብርጭቆዎች ነበሯት። አራት ልስጥሽ አለችኝ። ካፖርቱን ገልብጬ ገበሩን አሳየኋት፣ ስፌቱን ጎትቼ አሳየኋት፣ ስድስት ካልሆነ አልሰጥም አልኩ። ስድስት ሰጠችኝ። ደስ ብሎኝ ነበር የገባሁት።

ከዚያ አስካለና ብርቄ ጋ ሄድኩ፤ አብረውኝ የሚያረዱ ጎረቤቶቼ ናቸው። ያሰብኩትን ነገርኳቸው። ብርቄ ሳቀች፣ «አንቺ እኮ ጉድ ነሽ» አለች። አስካለ አልሳቀችም። «ዘነቡ፣ በሞት አይቀለድም» አለችኝ። «ለሰላም ስትሉ» አልኳቸው። በአንዷ ልጄ ስም ለመንኳቸው፣ በሌላው ልጄ ላይ ለማደርገው ነገር።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ገባን። ሰላም አዳር ሥራ ላይ ነበረች፤ እሷ የማትኖርበትን ጠብቄ ነው ቀኑን የመረጥኩት። ሦስታችንም ነጠላ ዘቅዝቀናል። ቢኒያም ዓይኑን ገልጦ ነጠላችንን ሲያይ ወዲያው ተነስቶ ተቀመጠ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ የአባቱን መርዶ ያመጡት ሴቶች እንዲሁ ዘቅዝቀው ነበር የገቡት። ያየውን አይረሳም ብያችኋለሁ። እኔም ያንን አውቄ ነበር የዘቀዘቅሁት። ገና አፌን ሳልከፍት «ማን ሞተ?» አለ።

ትከሻውን ያዝኩ። ድንገት ሲነኩት እንደማይወድ አውቃለሁ፣ ግን ሥርዓቱ ነው፣ ያዝኩት። «በርታ» አልኩት። «የሰው ልጅ ሁሉ የተሰጠውን ዕድሜ ነው የሚኖረው። ሻምበል ጎበዜ አረፈ።» ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ድምፄ መቼ ተንቀጥቅጦ ያውቃል?

«በምን?» አለ።

«ዋናው መንገድ ላይ መኪና ገጨው» አልኩ። ይህቺን አስቀድሜ አላዘጋጀኋትም፣ ከአፌ ነው የወጣችው። ሰው በስንት ነገር ይሞታል፤ በሽታ ማለት እችል ነበር። አባቱን የበላው መኪና ስለሆነ፣ ልጄ በዓለም ላይ እንደ መኪና የሚፈራው ስለሌለ፣ ውስጤ ያለው ክፉ ነገር ያችን መረጠልኝ።

ቢኒያም አሰበ። «ሻምበሉ ግራ ቀኝ ያያል እኮ» አለኝ።

«አንድ ቀን ረሳ» አልኩት።

ከዚያ አለቀስን። ብርቄ ደረቷን መታች፣ እኔ ጮህኩ። የለቅሶ ጩኸት ጆሮው ውስጥ እንደሚያቃጥለው አውቃለሁ፤ በአባቱ ለቅሶ ጊዜ ሰው እስኪበተን አልጋ ሥር ነው የከረመው። አውቃለሁና ጮህኩ። ትራሱን በጆሮው ላይ ጭኖ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ጨርሰን ዝም ስንል ትራሱን ቀስ ብሎ አወረደና «ካፖርቱስ?» አለ። «አብሮት ተቀበረ» አልኩት። አስካለ ስትወጣ በሩ ላይ ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰችና «ከእንግዲህ መርዶ ሲኖር እኔን እንዳትጠሪኝ» አለችኝ። አልጠራኋትም።

ልጄ ሐዘን ተቀመጠ። ፍራሹን መሬት አወረደና በላዩ ተቀመጠ፣ እንደ ደንቡ። ዓይኑን ከግቢው በር አይነቅልም። በሁለተኛው ቀን «ሰው ለምን አልመጣም? ለአባዬ ድንኳን ነበረ፣ ንፍሮ ነበረ፣ ሰው ነበረ» አለኝ።

ስፌቴ ላይ እንዳቀረቀርኩ «ሻምበሉ ዘመድ የለውም» አልኩት።

«እኔ አለሁ» አለ።

ይህን ሰምቼ የስፌት መኪናዬን መርገጥ ቀጠልኩ። ስንት ኮሌታ እንደሰፋሁ አላውቅም፣ ግን መስፋቴን አስታውሳለሁ። እናት ነኝ እላለሁ ደግሞ። ሰላም መጥታ መሬት ተቀምጦ ስታየው «ምን ሆኖ ነው?» አለች። «ያን ሻምበሉን ራሱ ትቶታል፣ ሞተ እያለ ነው፤ ልብ እየገዛ መሰለኝ» አልኳት። እስከ ዛሬ ያንኑ ነው የምታውቀው።

ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። ግቢው ጭጭ ብሏል። መታወቂያ የሚጠይቅ የለም። ሰላምን ሰጠሁ፣ እነሱም ተቀመጡ፣ ሻይ በአዲሶቹ ብርጭቆዎች ቀረበ። ትልቁ ሽማግሌ ብርጭቆውን ከፍ አድርገው አይተው «ያምራል» አሉ። ሰርጉ ላይ ቢኒያም አልነበረም። «ትንሽ አሞት ነው» አልኩ ለጠየቀኝ ሁሉ። ሰላም በቬሎዋ ወደ እሱ ገብታ ስትሰናበተው እኔ ከውጭ «መኪናው ቆሟል፣ ቶሎ በይ» እል ነበር።

እሷ ከሄደች ጀምሮ እኔና እሱ ብቻ ቀረን። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ልጄ በራሱ እግር የግቢውን በር አልፎ አያውቅም። መጀመሪያ እፎይ ብዬ ነበር፤ ክፋቴን እወቁት። ዩኒፎርሙን ራሴ ተሸክሜ አየር ጤና እመላለሳለሁ። ረዳቶቹ «እናት፣ ሻምበል የት ጠፋ?» ይሉኛል። «አለ» እላለሁ።

ከዚያ ጥርሱ ታመመ። ጉንጩ አብጦ ዓይኑን ሊደፍነው ደረሰ። «ተነስ ሐኪም ቤት እንሂድ» ስለው ራሱን ይነቀንቃል። «ሻምበሉ የለም» ይለኛል። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ ገፋሁት። መጨረሻ ላይ የሰፈሩን ጎረምሶች ጠራሁ። በጋቢ ጠቅልለው፣ እጅ እግሩን ይዘው አወጡት። ከቤታችን እስከ ማዞሪያው የጮኸውን ጩኸት ያልሰማ የሰፈር ሰው የለም። ከመሣቂያነት ያመለጥኩ መስሎኝ ነበር፤ ይኸው በየበሩ ወጥተው አዩን። እኔ ግን ያን ቀን ሰው አየኝ አላየኝ ትዝ አላለኝም። የሚታየኝ ከጋቢው ወጥቶ የሚንፈራገጠው እግሩ ብቻ ነበር። ይህ እግር ነው በራሱ አየር ጤና ደርሶ ይመለስ የነበረው።

ስንመለስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ በሃያ ሰባት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅሁት። «ቢኒዬ፣ ሻምበሉን ለምን ነበር የምትሆነው?»

ጉንጩ ስላበጠ በግድ ነበር የሚናገረው። «በእኔ ጆሮ መንገዱ ያመኛል። የሻምበሉ ጆሮ ደህና ነው። እኔ ሰው ሲያየኝ እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም። ሻምበሉ ያውቃል። እሱ ይዞኝ ይሄድና ያመጣኛል» አለኝ። ቀለል አድርጎ ነው የነገረኝ፣ ሰዓት እንደጠየቅሁት ሁሉ። ቀጠል አድርጎ «ሻምበሉ ቢኖር ዛሬ በእግሬ እሄድ ነበር» አለ።

እብደት አልነበረም። ሰይጣንም አልነበረም፣ ብርቄ እንደምትለው። እኔ ማድረግ የነበረብኝን የሚያደርግለት ሰው ነበር፤ እጁን ይዞ የሚያሻግረው። እናቱ ስታፍርበት ጊዜ የማያፍርበትን ሰው ራሱ ሠራ። እኔም ያን ሰው በስድስት ብርጭቆ ለወጥኩት።

ያኔ ላስተካክለው ፈለግሁ። እግሩ ሥር ተቀመጥኩና «ሻምበሉ አልሞተም ልጄ። ዋሽቼህ ነው» አልኩት። ፊቱ ላይ ደስታ ጠብቄ ነበር።

«መርዶ ነግረሽኛል እኮ» አለ።

«መርዶው ውሸት ነው።»

ተነስቶ ቆመ፤ ፊቱ ላይ እንደዚያ ያለ ብርሃን አይቼ አላውቅም። «እንግዲያው አባዬም አልሞተም» አለኝ። «የት ነው ያለው?»

ምን ልበለው እንግዲህ? ንገሩኝ፣ ምን ይባላል? ያኛው መርዶ እውነት ነበር፣ ይኸኛው ውሸት ነበር፣ ሁለቱም በዘቀዘቀ ነጠላ ነው የገቡት ልበለው? እናትህ የምትዋሸውና እውነት የምትናገረው በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው ልበለው? በሩን እያየ ይጠብቀኛል፣ አባቱ ከውጭ የቆመ ይመስል። ፈራሁ። ማስረዳት አቃተኝ አልልም፤ አልሞከርኩም። «አባትህ ሞቷል» አልኩት። «ሻምበሉስ?» አለኝ። «እሱም» አልኩት። እንደዚህ አድርጌ ሁለተኛ ገደልኩት፣ በዚህኛው ጊዜ እያወቅሁ።

ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ እማዬ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም፤ ያኔ ግን ልብ አላልኩትም።

ጥቂት ሳምንት እንዳለፈ ጎህ ሲቀድ አልጋዬ አጠገብ ሰው ሲቀመጥ ነቃሁ። ቢኒያም ነው። የእኔን ነጠላ ለብሷል፣ ዘቅዝቆ። ሰው መንካት የማይወደው ልጅ ትከሻዬን ያዘኝ፣ ልክ እኔ እንደያዝኩት፣ አያያዙ ሳይቀር የእኔ ነው። በራሴ ድምፅ፣ በማይንቀጠቀጠው ድምፄ፣ «ይበርቱ» አለኝ። «የሰው ልጅ ሁሉ የተሰጠውን ዕድሜ ነው የሚኖረው። ልጅዎ ቢኒያም አረፈ።»

ልስቅ ሞክሬ ነበር። ጮህኩበት መሰለኝ፣ «ምን ማለትህ ነው፣ ይኸው ፊቴ ተቀምጠህ» አልኩ። ታገሰኝ፣ መርዶ ነጋሪ መታገስ አለበት። ዝም ስል «እግዜር ያጥናዎት» አለኝ። ነጠላዬን አጣጥፎ እግርጌዬ አስቀመጠና ወጣ። ልጄ ውሸት እንደማይችል ነግሬያችኋለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ ውስጥ የሚኖረው እንግዳው ነው። ያ ከሩቅ አገር የመጣው፣ ማንንም የማያውቀው ጨዋ እንግዳ። እርስዎ ይለኛል። ሲገባ ያንኳኳል። ሲበላ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፣ እህል አያበዛም፣ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ሰላም ስትመጣ ለእሷ ልጄ ይሆንላታል፤ ከወንበሩ ተነስቶ «ሰሊ» ይላታል፣ እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሷ ስትወጣ እንግዳው ይመለሳል። ድሮ ሰው ሲበዛ ነበር የሚመጣው፣ ሰው ሲሄድ ይሄድ ነበር። አሁን ቤቱ ውስጥ ያለሁት ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ሻምበሉ ከመንገድ ነበር የሚጠብቀው፤ እንግዳው ከእኔ ነው የሚጠብቀው። አሁንማ ገብቶኛል፣ ምን ያደርጋል።

ይኼኛውን አልገድለውም። መድኃኒት አድርጉልኝ ብዬ የትም አልወስደውም፣ «ተው ይህን ነገር» አልለውም። ያዘጋጀሁትን አቀርባለሁ፣ ደህና አደሩ እለዋለሁ፣ ጠጋ ልበልዎት ሳልል ርቄ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። «እማማ፣ ይነሱ እንጂ፣ እኔን እኮ ምንም አልበደሉኝም» ብሎ ደነገጠ። ሌሎቹን ነው የበደልሽው ማለቱ ነው፤ እነሱ ደግሞ የሉም።

ትናንት ጠዋት ሻይ አቀረብኩለት። ቢኒያም ስኳር ካልበዛለት አይጠጣም ነበር፤ እንግዳው ያለ ስኳር ነው። ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ ሰማያዊውን አበባ አየው።

«ያምራል። ከየት ነው?» አለኝ፣ ጨዋታ ለማምጣት፣ እንግዳ እንደሚያደርገው።

«ከልዋጭ ነው» አልኩት።

«በምን ለወጡት?»

እዚህ ጋ ነበር ቦታው። ጥያቄው በራሱ መጣልኝ፣ በጨዋ አፍ፣ ያለ ቁጣ። ካፖርቱ አልተቀበረም፣ በካፖርቱ ነው የለወጥኩት ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ለእናንተ ይህን ሁሉ የዘረገፍኩ ሴት ያችን አንዲት ቃል ማውጣት አቃተኝ።

«በአሮጌ ጨርቅ» አልኩት።

«ደህና ለውጠዋል» አለኝና ሻዩን ጠጣ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ሊለኝ የሚችለውን ሰው መርዶ ሰምቻለሁ።